ጸዳልና ጽልመት፤ የጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ረቡና ሕፀፁ

በዘመናችን ከሰው ቤት ከገቡት የጥበብ ሥራዎች መካከል እንደ ቴሌቪዥን መልኩን በአጭር ጊዜ ፈጽሞ የለወጠ ጥቂት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የሳሎኑን ማዕዘን ይዞ፥ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይቀመጥ የነበረው ባለ ቱቦ ዕቃ ዛሬ ውፍረቱ በጣት የሚለካ ሰሌዳ ሆኖ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ለውጡ ለዓይን ደስ የሚያሰኝ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ወደ ሱቅ የሚገባ ገዢ ሁሉ ስለ ኢንቹና ስለ ዋጋው እየጠየቀ፥ ገጹ ብርሃኑን ከየት እንደሚያመጣና ጨለማውን በምን ጥበብ እንደሚያሳይ የሚጠይቅ እምብዛም ስለማይገኝ፥ የጠፍጣፋውን ገጽ ወገኖች መርምሮ እያንዳንዱ የሰጠንንና የነሣንን መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አዲሱን ለመመዘን አስቀድሞ አሮጌውን ማወቅ ያስፈልጋል። የቱቦው መነሻ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን በ1897 የሠራው የካቶድ ጨረር ቱቦ ሲሆን፥ አየር በተመጠጠለት ብርጭቆ ውስጥ ከኋላ የሚወረወር የኤሌክትሮን ጨረር ከፊት ያለውን ፎስፈር የተቀባ ገጽ መስመር በመስመር እየዳሰሰ ሲያበራው ሥዕል ይወጣል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፥ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላም ወደ ቀለም ሲሸጋገር ሕዝቡ ያየው በዚሁ ቱቦ ነበር። ጨረሩ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እስከ ገጹ ዳርቻ ለመታጠፍ ርቀት ስለሚሻ፥ ገጹ በሰፋ ቁጥር ቱቦው ወደ ኋላ መርዘሙ፥ መስተዋቱም የአየሩን ግፊት ለመቋቋም መወፈሩ ግድ ሆነ፤ ሶኒ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሸጠው ባለ 40 ኢንች ቱቦ ከ130 ኪሎ በላይ የመዘነው ስለዚህ ነው። ጨረሩ የሚያመነጨውን ኤክስሬይ ለማገድም በመስተዋቱ ውስጥ የእርሳስ ማዕድን ይደባለቅ ስለነበር፥ ዕድሜውን ጨርሶ ሲጣል ለመሬቱና ለውሃው ጠንቅ ነው። ይህ ሁሉ ሕፀፅ እያለበት ግን ቱቦው ሁለት ጸጋዎች ነበሩት፤ ጨረር ያልነካው ቦታ በእውነት ጨለማ ነበር፥ የሚሮጥ ነገርም ሲሮጥ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ጠፍጣፋው ገጽ እነዚህን ሁለቱን መልሶ ለማግኘት ብዙ ዓመት ደክሟል።

ዛሬ በዓለም ገበያ የሠለጠነው ኤልሲዲ የሚባለው ወገን ሲሆን፥ የትውልዱ ታሪክ ከቴሌቪዥን ጋር አንዳች ግንኙነት ካልነበረው ሰው ይጀምራል። በፕራግ ይሠራ የነበረው ኦስትሪያዊው የዕፀዋት ሊቅ ፍሪድሪኽ ራይኒትዘር በ1888 ከኮሌስትሮል ያገኘውን ንጥረ ነገር ሲያሞቅ ሁለት ጊዜ ሲቀልጥ ተመለከተ፤ በ145.5 ዲግሪ ቀልጦ ደፍራሽ ፈሳሽ ሆነ፥ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ደፍራሹ ጠራ። ነገሩን ተረክቦ የመረመረው ጀርመናዊው ኦቶ ሌማን ያ ደፍራሽ ነገር እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፥ እንደ ክሪስታል ግን ሥርዓት ያለው መሆኑን ገለጠ። ሰማንያ ዓመት ያህል የቤተ ሙከራ ግርምት ሆኖ ከቆየ በኋላ፥ የአሜሪካው የአርሲኤ ኩባንያ በጆርጅ ሃይልማየር መሪነት የሠራውን ገጽ በ1968 ለዓለም አሳየ። ይሁን እንጂ አርሲኤ የዘራውን ያጨዱት ጃፓኖች ሆኑ፤ ሻርፕ በ1988 ባለ 14 ኢንች የቀለም ገጽ ባወጣ ጊዜ ቱቦው ተተኪ እንዳገኘ ለሚያስተውል ሁሉ ግልጽ ሆነ።

የኤልሲዲ ባሕርይ አንድ ነገር ላይ ያረፈ ነው፤ ገጹ ራሱ ብርሃን የለውም። ከኋላው ባክላይት የሚባለው መብራት ዘወትር ይበራል፥ በፊቱ ያለው ፈሳሽ ክሪስታልም በኤሌክትሪክ እየተጠመዘዘ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ያግዳል። ብርሃኑ ማጣሪያዎቹን ሁሉ ጥሶ ሲወጣ ከኋላው ከተለኮሰው ከአሥር እጅ አንዱ እንኳ ከዓይን አይደርስም። ማገዱም ፍጹም አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ የእንጨት መስኮት የተዘጋበት ክፍል በስንጥቁ በሚገባው ብርሃን ከፊል እንደሚታይ ሁሉ፥ ጥቁር መሆን የሚገባው የሌሊት ሰማይ በኤልሲዲ ላይ ግራጫ ሆኖ ይገለጣል። የዚህ ጉድለት መጠን እንደ ክሪስታሉ አቀማመጥ ይለያያል። አይፒኤስ በሚባለው ፓነል ነጩ ከጥቁሩ 1,000 እጥፍ ያህል ሲያበራ፥ ቪኤ በሚባለው ግን ልዩነቱ 3,000 እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ታዲያ ሁሉ ለምን ቪኤ አይሆንም የሚል ቢኖር፥ መልሱ ከአቀማመጣችን ይገኛል። በከተማ ቤቶቻችን ሶፋው በሦስቱ ግድግዳዎች ዙሪያ ተደርድሮ፥ ቡና የምታፈላው በአንድ ጥግ፥ እንግዳው በሌላው ጥግ ተቀምጦ ሁሉም አንዱን ገጽ ያያል እንጂ፥ አንድ ሰው ብቻውን ፊት ለፊት ተቀምጦ አያይም። ቪኤ ፓነል ከጎን ሲያዩት ጥልቀቱን አጥቶ ይገረጣል፥ ከሁሉ ይልቅም የጠይም ፊት ኅብር ወደ አመድነት ያደላል፤ አይፒኤስ ግን ከጎንም ቢታይ ቀለሙን ይጠብቃል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ በሰፊው ተቀምጦ ለሚያይበት ሳሎን አይፒኤስ፥ ለጠባብ ክፍልና ለሌሊት ፊልም ቪኤ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በብዙ ሱቆች ግን ይህን ልዩነት ጠይቆ መልስ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከመስኮት ትይዩ በሚሰቀል ቴሌቪዥን ላይ የኤልሲዲ ጥቅም ይገለጣል፤ ጸዳሉ ብርቱ ስለሆነ የቀትሩን ብርሃን ተቋቁሞ ይታያል። በመጀመሪያ ባክላይቱ ሜርኩሪ ያለበት ቀጭን መብራት ነበር፤ ኋላ ግን የጃፓን ሊቃውንት አካሳኪ፥ አማኖና ናካሙራ በ2014 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ሰማያዊ ኤልኢዲ ነጭ ብርሃንን ስላስገኘ፥ ባክላይቱ ወደ ኤልኢዲ ተለወጠ። በገበያ “ኤልኢዲ ቲቪ” ተብሎ የሚሸጠው እንግዲህ መብራቱ የተለወጠለት ያው ኤልሲዲ ነው፤ ሻጩ ሁለቱን እንደ ሁለት ልዩ ዕቃ አድርጎ ዋጋ ቢለያይ ሊታመን አይገባም። ጥቁሩን ለማጥቆርም ባክላይቱን በክፍል በክፍል ከፋፍሎ ሥዕሉ በጨለመበት በኩል ማደብዘዝ የሚባል ዘዴ መጥቷል። ሚኒ ኤልኢዲ የሚባሉት አዲሶቹ ክፍሎቹን ወደ መቶዎችና ከዚያም በላይ ከፍ አድርገዋቸዋል። ውጤቱ በእርግጥ ያምራል፤ ቢሆንም ክፍሉ ከነጥቡ ስለሚሰፋ፥ በጨለማ ሰማይ ላይ ያለች ጨረቃ በዙሪያዋ የሌለ ወጋገን ታፈልቃለች። ብርሃኑን ወደ ጥሩ ቀይና አረንጓዴ የሚለውጡት ኳንተም ዶት የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች፥ ፈልሳፊዎቻቸው ባዌንዲ፥ ብሩስና ኤኪሞቭ በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙባቸው፥ ቀለሙን አበልጽገውታል፤ ጽልመቱን ግን አልነኩትም።

አሁን ወደ ሞተው ወገን እንመለስ፤ ስለ ፕላዝማ ዝም ብሎ ማለፍ ፍርድ ማጉደል ይመስለኛልና። በ1964 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር፥ ጂን ስሎታውና ሮበርት ዊልሰን ለተማሪዎች የማስተማሪያ ኮምፒዩተር ገጽ ፈልገው የፈጠሩት ፕላዝማ፥ በሁለት መስተዋቶች መካከል ባሉ እጅግ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ኒዮንና ዜኖን የሚባሉ ጋዞች በኤሌክትሪክ ሲቀጣጠሉ ፎስፈሩን የሚያበራ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ስለሚያበራ ጥቁሩ ጥልቅ፥ ከጎን ቢያዩትም የማይገረጣ፥ እግር ኳስ ሲታይበትም ኳሷ የማትደበዝዝ ነበር። የፓዮኒር ኩሮ የሚባለው ከ2007 ጀምሮ የወጣው ፕላዝማ ለብዙ ዓመት የሥዕል መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። ሆኖም ባለ 42 ኢንቹ ከ200 ዋት በላይ ይበላ ነበር፥ ይሞቅ ነበር፥ ይከብድ ነበር። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ነበረበት፤ በመስተዋቶቹ መካከል ያለው ጋዝ ግፊቱ ከውጭው አየር ያነሰ ስለሆነ፥ መስተዋቶቹን አጥብቆ የሚይዛቸው የውጭው አየር ግፊት ነው፤ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ግን መያዣው ስለሚላላ ገጹ ጥዝ ጥዝ ይላል። ብዙ ሠሪዎች ዕቃቸው ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ድምፅ እንደሚያሰማ በመመሪያቸው ያስጠነቅቁ ስለነበር፥ ከዚያ ከፍታ በላይ ያለችው አዲስ አበባ ለፕላዝማ የተመቸች ከተማ አልነበረችም። ፓናሶኒክ ፕላዝማ መሥራት ሊያቆም መሆኑን በ2013 አስታወቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሳምሰንግና ኤልጂም ተከተሉት። በዓይን ፍርድ ከጊዜው ኤልሲዲ የሚበልጠው ዕቃ በዋጋና በመብራት ፍጆታ ተሸንፎ መጥፋቱን ሳስብ እስከ ዛሬ አዝናለሁ።

የፕላዝማን ጸጋ የወረሰው ኦሌድ ነው። በ1987 በኮዳክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚያበራ ቀጭን የካርቦን ውሑድ ንጣፍ አስገኙ። ሶኒ በ2007 ያወጣው የመጀመሪያው የኦሌድ ቴሌቪዥን ስፋቱ 11 ኢንች ብቻ፥ ውፍረቱም 3 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ኤልጂ በ2013 ባለ 55 ኢንቹን ካወጣ ወዲህ ግን ለሳሎን የሚበቃ ሆነ። በኦሌድ ላይ ጥቁር ነጥብ ማለት የጠፋ ነጥብ ማለት ነው፤ መብራቱ በጠፋበት ክፍል ተቀምጦ የሌሊት ትዕይንት ለሚያይ ሰው ገጹ የት እንደሚያበቃ፥ ግድግዳው የት እንደሚጀምር መለየት ያዳግተዋል። ጽልመትን እንዲህ ያሳየ የቤት ዕቃ ከቶ አልነበረም።

ኦሌድ ግን ይደክማል። የሚያበራው ንጣፍ በበራ መጠን እየተዳከመ ስለሚሄድ፥ በተለይም ሰማያዊው ከሌሎቹ ፈጥኖ ስለሚዝል፥ አንድ ምልክት በአንድ ቦታ ለብዙ ሰዓታት ከቆየ ጥላው ላይጠፋ ይታተማል። ዕቃ የሚፈትነው የካናዳው አርቲንግስ በ2018 ስድስት የኤልጂ ኦሌዶችን በቀን ለ20 ሰዓት እያበራ በመረመረ ጊዜ፥ የዜና ጣቢያ በከፍተኛ ብርሃን ይታይበት የነበረው ገጽ የጣቢያውን ምልክት በግልጽ ይዞ ቀረ፤ ልዩ ልዩ ትዕይንት የታየባቸው ግን ብዙ አልተጎዱም። ከዚህ የሚነሣ ምክር ቀጥተኛ ነው። ዜና የሚከፍት፥ ከታች የሚሮጠው ጽሑፍና ከጥግ ያለው የጣቢያ ምልክት ከጧት እስከ ማታ የማይነሣበት ቤት፥ እንዲሁም ከሰዓት በኋላውን ሁሉ የውጤት ሰሌዳ ከማዕዘኑ የማይጠፋበት የኳስ ማሳያ ቤት ኦሌድ ሊገዛ አይገባም።

ስለ እንቅስቃሴ ጥቂት ልበል። ኤልሲዲም ሆነ ኦሌድ አንዱን ሥዕል እስከሚቀጥለው ድረስ ሳያጠፋ ይዞ ይቆያል፤ ዓይን ግን ኳሷን ተከትሎ ሳያቋርጥ ስለሚጓዝ፥ የቆመው ሥዕል በዓይን ውስጥ ይጎተታል። ቱቦው በየነጥቡ ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ ይህ ችግር አልነበረበትም። ሠሪዎች ለመፍትሔ ብለው በሁለት ሥዕሎች መካከል የሌለ ሥዕል የሚፈጥር ዘዴ አስገቡ፤ ለኳስ ይረዳል፥ ፊልምን ግን ያበላሻል። ቶም ክሩዝና ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማክኳሪ በ2018 መጨረሻ ተመልካቹ ይህን ዘዴ እንዲያጠፋ በምስል የተደገፈ ልመና አቅርበው ነበር፤ ልመናቸው እውነት ነውና ፊልም ወዳድ ሁሉ በሪሞቱ ፈልጎ ያጥፋው።

ስለ ነጥብ ብዛትም ሻጩ ከሚለው ይልቅ ስሌቱን ማመን ይሻላል። ባለ 43 ኢንች ገጽ ወርዱ 95 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሙሉ ኤችዲ 1,920 ነጥቦችን በወርዱ ስለሚደረድር የአንዱ ነጥብ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጤነኛ ዓይን የሚለየው የዲግሪን አንድ ስድሳኛ ያህል ስለሆነ፥ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከ1.7 ሜትር ወዲያ ተለይቶ አይታይም። እንግዲህ ከሦስት ሜትር ርቀት የሚያይ ቤተሰብ በዚህ ስፋት ነጥቦቹ ይበልጥ የበዙበትን 4ኬ ስለገዛ ብቻ አንዳች ተጨማሪ ዝርዝር አያይም፤ በዲሽ የሚገባው ሥርጭት እስከዚያ ጥራት ካልደረሰ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይጠፋል። ለጥልቅ ጥቁርና ለጥሩ ቀለም የሚከፈል ገንዘብ ለነጥብ ብዛት ከሚከፈለው ይበልጥ ለዓይን ይከፍላል። ድምፁም እንዲሁ ነው፤ ቀጭን ገጽ ለድምፅ ማጉያ ቦታ ስለማይተው፥ ማጉያው ደቃቃ ሆኖ ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው ይናገራል። የመዝሙርን ከበሮ ከነጥልቀቱ መስማት ለሚወድ ሰው ሌላ ማጉያ መግዛት የማይቀር ወጪ ነው።

ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የጥገናው ነገር ነው። ባለ ቱቦው አሥራ አምስት ዓመትም ሃያ ዓመትም ያገለግል ነበር፥ ሲበላሽም የሰፈሩ ጠጋኝ አንዲት ዕቃ ለውጦ ያስነሣው ነበር። የጠፍጣፋው ገጽ ፓነል ግን ልጅ በወረወረው ነገር አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ፥ የፓነሉ ዋጋ ከአዲሱ ቴሌቪዥን ዋጋ ጋር ስለሚቀራረብ ነገሩ አልቋል። ዘወትር የሚደርሰው ብልሽት ግን ይህ አይደለም። ድምፁ ይሰማል፥ ሥዕሉ የለም። ብልህ ጠጋኝ በዚህ ጊዜ የሱቁን መብራት አጥፍቶ የስልኩን ባትሪ ገጹ ላይ ያስጠጋል፤ በዚያች ትንሽ ብርሃን ውስጥ የዜና አንባቢው ፊት እንደ ጥላ ሆኖ ሲንቀሳቀስ ከታየ፥ ፓነሉ ደኅና፥ የሞተው ባክላይቱ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያ ፓነሉ በጥንቃቄ ይነሣል፤ ከዳሩ ላይ ያሉት እንደ ወረቀት የሳሱ ማገናኛዎች ከተቀደዱ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነውና። ነጮቹ የብርሃን ማሰራጫ ላስቲኮች ከተነሡ በኋላ በረድፍ የተደረደሩት ኤልኢዲዎች ይገለጣሉ። ብዙ ጊዜ እነዚህ በአንድ መስመር ተያይዘው ስለሚሠሩ አንዲቱ ስትቃጠል ረድፉ በሙሉ ይጨልማል፤ ከብር በማይቆጠር አንዲት ፍሬ ምክንያት ሙሉ ቴሌቪዥን ሞቶ ይታያል። ለዚህ ብልሽት ዋነኛው ምክንያት ሙቀት ሲሆን፥ ከፋብሪካው የሚመጡት ገጾች በሱቅ ውስጥ እንዲያንጸባርቁ ባክላይታቸው እስከ ጥግ ከፍ ተደርጎ ስለሚመጡ፥ ገዢው ወደ ቤቱ እንደገባ በሪሞቱ ወደ ግማሽ ገደማ ቢያወርደው ለዓይኑም ለዕቃውም ይበጃል።

የመብራቱም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ባለ 32 ኢንች ኤልሲዲ ከ50 ዋት ያልበለጠ ስለሚበላ፥ ከቱቦውም ከፕላዝማውም ይልቅ ለኪስ ይራራል፤ ይህ የዘመኑ ገጽ የማይካድ ትሩፋት ነው። ኃይል ሲቀንስም ብዙዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ባለው ሁሉ ስለሚሠሩ አይጨነቁም። የሚገድላቸው የሄደው መብራት ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ነው። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ነቅሎ፥ ተመልሶ እስኪረጋ ድረስ መታገሥ ምንም ወጪ የሌለው ጥበቃ ነው።

ለምድሪቱ ጠንቅ በመሆን ደግሞ ጠፍጣፋው ገጽ የቱቦውን እርሳስ ቢተውም ሌላ ዕዳ አምጥቷል፤ ፓነሉ በሚሠራባቸው ክፍሎች ማጽጃ የሆነው ናይትሮጅን ትራይፍሎራይድ የሚባለው ጋዝ ወደ አየር ካመለጠ፥ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ16,000 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። ስለዚህ ለምድሪቱ ከሁሉ የሚሻለው ቴሌቪዥን ዕድሜው የረዘመው ነው፤ የሚጠገነው።

የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 መጋቢት ጀምሮ ሠሪዎች የውስጡን የኃይል ክፍልና ሌሎች ጥቂት መለዋወጫዎችን ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ዓመት ለጠጋኞች እንዲያቀርቡ ደንግጓል። ደንቡ መልካም ነው፤ ዘወትር የሚቃጠለውን ባክላይት ግን በዝርዝሩ አላስገባም። በአገራችን ቴሌቪዥን የሚያስመጡና የሚገጣጥሙ ነጋዴዎች የሸጡትን ሞዴል የባክላይት ረድፍ በመጋዘናቸው ቢያኖሩ፥ የደረጃ ጉዳይ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችም ይህን ግዴታ ቢያደርጉት፥ በየዓመቱ ያለጊዜው ወደ ቆሻሻ የሚጣለው ገጽ ይቀንሳል። አንተም ገዢ፥ ስለ ኢንቹና ስለ 4ኬው ከመጠየቅህ በፊት “ባክላይቱ ቢቃጠል መለዋወጫውን ከማን አገኛለሁ?” ብለህ ጠይቅ፤ መልስ የሌለው ሻጭ ከሆነ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፍ።